ጎጃም ውስጥ ያገለገለ መኪና ስትገዛ፦ ከወረቀቱ ጀምር

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ሜካኒክ ነው። መልካም። ግን በእኛ አካባቢ ገዢን እንቅልፍ ሲያሳጣ የማየው ሞተር ሳይሆን ወረቀት ነው። የተበላሸ ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ብር ይበላና ያበቃል። ባንክ የያዘው፣ ፍርድ ቤት ያገደው፣ ወይም ሻንሲ ቁጥሩ (አካሉ ላይ የተቀረጸው መለያ) የተነካካ መኪና ግን የትም ጋራዥ ቢገባ አይድንም። ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። መጀመሪያ ወረቀቱና ሰውየው፣ ከዚያ መኪናዋ፣ ብሩ መጨረሻ ላይ።

ጊዜውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ገበያው የሚዞረው አገር ውስጥ ባሉት አሮጌዎች ላይ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራች ቪትዝ እንደ ሙሽራ ታጥባ፣ ተኩላ፣ ሽቶ ተረጭታ ትቀርብልሃለች። ማማሯን አትጥላው፤ ግን አትመናት።

1. ከመፈለግህ በፊት

ለምን እንደምትገዛ ወስን። ባሕር ዳር ውስጥ ልጆች ትምህርት ቤት ለማድረስ የምትበቃ ያሪስ፣ በየሳምንቱ ጮቄ ሥር ያሉ ዘመዶቹን ለሚጠይቅ ሰው አትሆንም። ሆዷ ከድንጋይ ጋር ይጣላል። ከቡሬ በርበሬ ልትጭን ከሆነ ደግሞ የምትፈልገው የንግድ መኪና ነው፤ ታርጋው፣ ግብሩና ኢንሹራንሱ ሁሉ ሌላ ነው።

ያለህን ብር በሙሉ ለመኪናዋ ዋጋ አትመድብ። ቢያንስ አንድ አሥረኛውን አስቀር። ስም ማዛወሪያ አለ፣ ቴምብር አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የደላላ አለ። ከዚያ ጎማ፣ ባትሪና የመጀመሪያው ሰርቪስ ይከተላሉ። ኪሱን አራግፎ የገዛ ሰው መኪናዋን ግቢ አቁሞ ሲያያት ይከርማል።

እህሉ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ ገዢው ይበዛል። እኔ ብሆን ክረምትን እመርጣለሁ። ገዢ ሲቀንስ ሻጭ ይለሳለሳል። ደግሞ የጎጃም ዝናብ ነፃ መርማሪ ነው፤ በየት በኩል ውሃ እንደምታስገባ ያለ ክፍያ ይነግርሃል።

2. ማስታወቂያውን ማንበብ

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ያሉት ማስታወቂያዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። «ፅድት ያለች» የሚለው አዲስ ቀለም ተቀብታለች ማለት ሊሆን ይችላል። «ሞተሯ ያልተነካ» የሚለውን ማንም በዓይኑ አያረጋግጥም። «በውክልና የምትሸጥ» የሚለውን ግን ሁለት ጊዜ አንብበው፤ ከታች ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ።

ሞዴሉን ስትጠይቅ የትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አብረህ ጠይቅ። የ2000 ሞዴል ሲሉህ በፈረንጅ ከሆነ በእኛ 1992 አካባቢ ነው። የሚፈጠረው ልዩነት ሰባት ስምንት ዓመት ነው። ሳያውቅ የሚሳሳት ሻጭ አለ። አውቆ ዝም የሚልም አለ።

ዋጋዋ ከእኩዮቿ በጣም ወርዶ ካየህ ምክንያት ይኖረዋል። ሻጩ «ውጭ አገር ልሄድ ነው፣ ቸኩያለሁ» ይልሃል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መኪናዋን ሳታይ «ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው፣ በቴሌብር ትንሽ ቀብድ ላክና ልያዝልህ» ካለህ፣ ስልኩን ዝጋ። መኪናዋ ጭራሽ ላትኖር ትችላለች። ፎቶውን ከሌላ ማስታወቂያ ለመውሰድ የሚያስፈልገው አንድ ጣት ብቻ ነው።

3. ደላላው

ደላላ ጠላት አይደለም። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ላይ ያለ እሱ ብዙ መኪና አታገኝም። ጎበዙ ደላላ የመኪናዋን ታሪክ ከባለቤቱ በላይ ያውቃል። ችግሩ ደሞዙ ሽያጩ መሆኑ ነው፤ ካልተሸጠ አይበላም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር ቁርጥ አድርግ። ኮሚሽኑ ስንት ነው? ማን ይከፍላል? መቼ ይከፈላል? የመጨረሻው ላይ ድርቅ በል። «ጋሼ፣ ውሉ ተፈርሞ ስሙ ሲዞር ነው የምሰጥህ» በለው። ውል በተፈረመ ቀን ሙሉውን ከተቀበለ፣ በማግስቱ ፋይሉ ላይ እገዳ ቢገኝ ስልኩ አይነሳም።

ሌላው፣ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት ሳትገናኝ ዋጋ አትጨርስ። ደላላው «እኔ እያለሁ ምን አደከመህ» ካለህ አንድም የሚደብቀው ትርፍ አለ፣ አንድም የሚደብቀው ባለቤት አለ።

4. ወረቀቱ፦ እዚህ ላይ አትቸኩል

ሊብሬውን፣ ማለትም የባለቤትነት ደብተሩን፣ በእጅህ ያዝ። ኮፒ አይደለም፣ የስልክ ፎቶ አይደለም፤ ዋናውን። ከዚያ ወደ መኪናዋ ሂድና ታርጋውን፣ የሞተር ቁጥሩንና የሻንሲ ቁጥሩን አንድ በአንድ አመሳክር። ቁጥር በቁጥር፣ ፊደል በፊደል። አንዷ ከተለየች ንግግሩ እዚያው ላይ ያልቃል። «ጸሐፊው ተሳስቶ ነው» የሚል መልስ ከመጣ፣ ስህተቱን አስተካክሎ የሚመጣው ሻጩ ነው፣ አንተ አይደለህም።

የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ብረት በእጅህ ዳብሰው፣ የስልክ መብራት አብራበት። ተፈግፍጎ የለሰለሰ፣ ዙሪያው የተበየደ፣ አንዱ ቁጥር ጠልቆ ሌላው ከፍ ያለ፣ ወይም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካለ ተጠራጠር። ለዓለም ገበያ የተሠሩ መኪኖች ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ አለው፤ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት በውስጡ አይገቡም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት፣ ለምሳሌ ቪትዝ፣ አጠር ያለ የራሳቸው ቁጥር ነው ያላቸው። ስለዚህ የቪትዝ ቁጥር 17 ስላልሞላ አትደንግጥ።

ታርጋውን እይ። በነባሩ ታርጋ ኮድ 2 የግል ነው፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 4 የመንግሥት። ኮድ 3 ስትገዛ የሻጩ የግብር ዕዳ ጉዳይ አብሮ ስለሚነሳ ክሊራንሱን ቀድመህ ጠይቅ። ከዚህም በላይ መጠንቀቅ ያለብህ ከቀረጥ ነፃ የገባውን ነው። ባለሀብት፣ ድርጅት ወይም ከውጭ የተመለሰ ሰው በልዩ መብት ያስገባው መኪና፣ ቀረጡ ሳይከፈል መብቱ ለሌለው ሰው አይሸጥም። ጉምሩክ ሊወርሰው ይችላል። በጣም ረክሶ የምታገኘው ላንድክሩዘር ወይም ፒክአፕ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጣጣ አለበት። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን አሳየኝ በል።

አሁን ዕዳና እገዳ። ይህን የሚነግርህ ሻጩ ሳይሆን የመኪናዋ ፋይል ያለበት የትራንስፖርት ቢሮ ነው። የአማራ ታርጋ ከሆነ ፋይሉ የተመዘገበበት ቢሮ፣ የአዲስ አበባ ታርጋ ከሆነ አዲስ አበባ ነው። ከሻጩ ጋር አብራችሁ ሂዱና ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ይውጣ። የደብዳቤው ቀን ትኩስ መሆን አለበት። ከሦስት ወር በፊት ነፃ የነበረች መኪና ትናንት ታግዳ ይሆናል። ውሉ ከሚፈረምበት ቀን ጋር በተቀራረበ ቁጥር ጥሩ ነው። በዚያው የትራፊክ ቅጣት ያልተከፈለ ካለ ይታያል።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር መያዣ ማድረግ የሚፈቅድ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1147/2011 ነው። መዝገቡ በብሔራዊ ባንክ ሥር ነው ያለው። ስለዚህ ሊብሬው ሻጩ እጅ ላይ መሆኑ ብቻውን «ባንክ አልያዘውም» ማለት አይደለም። ጠይቅ፣ አስጠይቅ።

ሊብሬው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ ወይም ፋይዳ አንድ መሆን አለበት። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ትፈርም። ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው የሚለው መሠረቱ ከሌላው አገር አይለይም። «ሚስቴ ገጠር ናት፣ እሷ ምን አገባት» የሚል ሰው ካጋጠመህ፣ ይቺ ሴትዮ ነገ ፍርድ ቤት መጥታ ውሉን ብትቃወም የምትንከራተተው አንተ ነህ። ገጠር ከሆነች መኪና አላችሁ፤ ሂዱና አምጧት።

ባለቤቱ ሞቶ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት መውጣት አለበት፤ ወራሾቹም ሁሉ መስማማት አለባቸው። ታላቅ ወንድም «እኔ ነኝ የቤቱ ኃላፊ» ሊል ይችላል። ለቅሶ ቤት ላይ ልክ ነው። ውልና ማስረጃ ላይ ግን አይሠራም።

5. የውክልናው ነገር

ለብቻው ላውጣው፤ ምክንያቱም ጎጃም ውስጥ እጅግ የተለመደው አደጋ ይኼ ነው። የስም ማዛወሪያ ወጪና ምልልስ ስለሚያታክት፣ ሻጭና ገዢ ይስማሙና ገዢው በውክልና ብቻ መኪናዋን ይዞ ይሄዳል። ብሩ ተከፍሏል። ሊብሬው ግን በሻጩ ስም ነው። ከዓመት በኋላ ገዢው ለሌላ ሰው በውክልና ያስተላልፋል። ሦስተኛው ሰው ሊብሬ ላይ ስሙ ያለውን ሰው በዓይኑም አያውቀው።

ውክልና ባለቤትነት አይደለም። ሕጉን ባጭሩ ልንገርህ። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ከሞተ ደግሞ፣ በተለየ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር፣ ውክልናው ያበቃል። ያን ጊዜ ስሙን ለማዞር የምትለምነው ወራሾቹን ነው። እነሱ ደግሞ «አባታችን የሸጠው መኪና መኖሩን አናውቅም» ሊሉህ ይችላሉ። በሊብሬው ባለቤት ዕዳ ምክንያት ፍርድ ቤት ቢያግዳት፣ የታገደችው አንተ የምትነዳት መኪና ነች።

ለሻጩም አይበጅም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የመኪና ባለቤት፣ ሌላ ሰው እየነዳው ለደረሰ ጉዳትም ተጠያቂ የሚሆንበት ድንጋጌ አለ። ይህን ለሻጩ ንገረው። ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ስም ለማዞር ራሳቸው ይቸኩላሉ።

ከተወካይ ጋር መግዛት የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ባለቤቱ ውጭ አገር ካለ፣ ውክልናው ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ስም ለማዛወር» የሚል ግልጽ ቃል መኖሩን አንብብ። «ለማስተዳደር» የሚለው ብቻውን አይበቃም። ውክልናው ወደ ወጣበት የውልና ማስረጃ ቢሮ ሄደህ አለመሻሩን አረጋግጥ። ከወካዩ ጋርም በቪዲዮ አውራ። ከዚያ ስሙን በአንተ አዙር። በሌላ ውክልና አትቀበል።

«የአገር ልጅ ነው፣ እርስ በርስ እንተማመናለን» የሚባለውን አውቃለሁ። እምነቱ ጥሩ ነው፤ ሰውየው ታማኝ ቢሆንም ሟች ነው።

6. መኪናዋን ማየት

ወረቀቱ ካለፈ ጠዋት በፀሐይ ሂድ። ማታ፣ በዝናብ ሰዓት ወይም ልክ ታጥባ ስትወጣ አትያት። ውሃ የነካው ቀለም ጉድለቱን ይደብቃል። ይዘኸው የምትሄደው ጥቂት ነገር ነው፦ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ነጭ ወረቀትና አንድ የሚያውቅ ሰው።

ከመኪናዋ ጫፍ ላይ ቆመህ በጎኗ በኩል ተመልከት። ቀጥ ያለው መስመር ከተወላገደ ላሜራው ተመትቷል ማለት ነው። በበሮቹ፣ በኮፈኑና በፓራውልቱ መካከል ያለው ክፍተት ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። ማግኔቱን ሰውነቷ ላይ አስጠጋ። በአንድ ቦታ ካልያዘ ሥሩ በስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው። ትንሽ ስቱኮ የከተማ መኪና ሁሉ አለበት፤ አያስደነግጥም። ዋናው ምሰሶ ላይ ወይም ጣሪያ ላይ ከተገኘ ግን ተገልብጣ ይሆናል፤ ተዋት።

የኮፈኑን ማጠፊያ ብሎኖች እይ። ቀለማቸው ከተላላጠ ተፈተው ነበር። መስታወቶቹን እይ፤ እያንዳንዱ ጥጉ ላይ የፋብሪካ ምልክት አለው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ፣ ለምን ተቀየረ ብለህ ጠይቅ።

ጎማ ላይ አራት አኃዝ ያለበት ምልክት ታገኛለህ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው። 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም የተሰነጣጠቀ አሮጌ ጎማ ደጀን ቁልቁለት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የጎማው ጥርስ በአንድ በኩል ብቻ ከተበላ የእግር ችግር አለ።

ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ብዙ አትመነው። ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ነው። ይልቅ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ልብስ፣ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ እይ። 80 ሺህ የምትል መኪና ፔዳሏ ብረት እስኪወጣ አያልቅም።

ቪትዝ ከሆነች አንድ ተጨማሪ አለ። ቪትዝ የሚለው ስም ለጃፓን ገበያ ነው፣ እዚያ ደግሞ መሪ በቀኝ ነው። አንተ የምታያት መሪዋ በግራ ከሆነ የዞረ ሊሆን ይችላል። ሥራው በጥሩ እጅ ከተሠራ ችግር የለውም። ዳሽቦርዱ ከተንቀጫቀጨ፣ ሽቦው በቴፕ ከተጠማዘዘ፣ መሪው ከከበደ ግን ሜካኒክህ መሪው ሥር ገብቶ ይይ።

7. ሞተሩ

ሻጩን አስቀድመህ «መኪናዋን ሳታስነሳ ጠብቀኝ» በለው። ስትደርስ ኮፈኑን በእጅህ ንካው። ሙቅ ከሆነ አሟሙቆ ጠብቆሃል፤ ሌላ ቀን ተመለስ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር አይዋሽም፤ በተለይ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት።

ከመነሳቷ በፊት የዘይት መክፈቻውንና የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፤ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ። ክዳኑ ሥር ቡና ወተት የመሰለ ነገር ካለ ወይም ራዲያተሩ ውስጥ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ውሃና ዘይቱ እንዳይገናኙ የሚያሽገው) ሄዷል ማለት ነው። ቁልፉን ስትከፍት የሞተርና የኤርባግ መብራቶች መብራት አለባቸው፤ ከዚያ መጥፋት። ጭራሽ ካልበሩ አምፑሉን አውጥተውት ይሆናል። ይህ ከሚበራ መብራት የባሰ ነው።

ስትነሳ ጭሱን ተመልከት። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች። ነጭ ሆኖ ከሞቀች በኋላም ካልቆመ ውሃ ይገባባታል። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶባታል፤ ናፍጣ ከሆነች ኢንጀክተር ወይም ተርቦ ሊሆን ይችላል። ማርሚታው አፍ ላይ ነጩን ወረቀት ያዝ፤ የዘይት ነጠብጣብ ከቀረ ተነጋገሩ። ያለችበትን መሬትም ጎንበስ ብለህ እይ።

የብልሽት ኮድ የሚያነብ ስካነር ያለው ሜካኒክ ካለህ ይሰካ። ትናንት ኮዱን አጥፍተውት ከሆነ እንኳን ብዙ ጊዜ ይታወቃል።

ኤሌክትሪክ መኪና የምትገዛ ከሆነ ሞተሩን ተወው፤ ሁሉ ነገር ባትሪው ነው። ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ንዳትና መቶኛው በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚወርድ ራስህ ጻፍ። የስክሪናቸው ጽሑፍ በቻይንኛ ብቻ የሆኑም አሉ። ቤትህ የሚደርሰው መብራት ቻርጀሩን መቻሉን ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ።

8. መንዳት

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ጊዮርጊስን ዞረህ ብትመለስ ማንኛዋም መኪና ጥሩ ትመስላለች። ስለዚህ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጣ። በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ ጉልበቷ ይታወቃል። ፍሪሲዮን ካለቀ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ስትወርድ ፍሬኑን ፈትን፤ ወደ አንድ ጎን ከጎተተች ወይም መሪው ከተንቀጠቀጠ ልብ በል። ቁልቁለቱ ላይ በእጅ ፍሬን አቁማት።

ከዚያ ኮብልስቶን ባለበት ሰፈር በቀስታ ንዳ፤ ሬዲዮው ይዘጋ። እግሯ የሚያንኳኳው እዚያ ነው። ቦኮላና ቴስቲና (የእግሯ መጋጠሚያዎች) ብዙ አያስወጣም፤ ግን ለዋጋ መደራደሪያ ይሆንሃል። ሜዳ ሲሆን አንድ ሰከንድ መሪውን ልቀቀው፤ ቀጥ ብላ ትሂድ።

ለመንዳት ስትወጣ ቦሎና ኢንሹራንሱ ያላለፈ መሆኑን እይ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይኖር መንዳት በአዋጅ 799/2005 ክልክል ነው። አንድ ሰው ብትገጭ «የሻጩ መኪና ነች» ማለት አያድንህም።

9. ከአዲስ አበባ የምታመጣ ከሆነ

ብዙዎቻችን ከዚያ ነው የምናመጣው። ምርጫ ይሰፋል፤ ግን ፋይሉን ወደ ክልል ማዛወር ሌላ ምልልስ ነው፤ ዋጋውን ስታነጻጽር ጨምረው።

የዓባይ በረሃን አስብ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጣለህ። ሙቀቱ ደግሞ ከሁለቱም ደጋዎች የተለየ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስትንፏቀቅ ያልፈላች መኪና እዚያ ትፈላለች። ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት ራዲያተሩ፣ ቺንጋው፣ የፍሬን ዘይቱና የፍሬን ሸራው ይታዩ። ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጠህ አትውረድ፤ በሞተር ያዛት። ዳገቱ ላይ የሙቀት ጌጁ ከፍ ካለ ቁም፤ ክዳኑን በሙቁ አትክፈት።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ባለበት ሁኔታ መንገዱ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ሊሆን ይችላል። በዚያው ጠዋት ከመናኸሪያ ሹፌሮች ጠይቅ፤ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በጨለማ አትንዳ። ብር በሻንጣ ይዘህ አትሂድ፣ መኪና ልትገዛ እንደምትሄድም ለሰው ሁሉ አታውራ። የመኪናዋን ፎቶ ቤትህ ሳትገባ ፌስቡክ ላይ አትለጥፍ።

ከማታውቀው ሻጭ ጋር ስትገናኝ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት፣ ብትችል ባንክ አጠገብ ይሁን። ብቻህን አትሂድ። «መኪናዋ ከከተማ ወጣ ብላ ዘመድ ቤት ነው የቆመችው» ካለህ፣ ወደ ከተማ ያምጣት።

10. ውልና ክፍያ

ቀብድ ስትከፍል በጽሑፍ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ትንሽ ስጥ፣ ደግሞም «ዕዳ ወይም እገዳ ከተገኘ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል መስመር ጨምርበት። ይቺ አንዲት መስመር ስንት ጠብ ታስቀራለች!

ዋናው ውል ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። ምስክሮችህ ሁለት ይሁኑ፤ አንተ የምታውቃቸው፣ ደላላው ያመጣቸው አይደሉም። በውሉ ላይ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፣ ትክክለኛው ዋጋ፣ አከፋፈሉ፣ የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል፣ መኪናዋን የተረከብክበት ቀንና ሰዓት ይጻፉ። ሰዓቱ ቀልድ አይደለም። ያን ዕለት ጠዋት ሻጩ አንድ ሰው ገጭቶ ከሆነ፣ «ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተረከብኩ» የሚለው ወረቀት ያድንሃል።

«ቴምብሩ እንዲቀንስ ዋጋውን አሳንሰን እንጻፍ» ሲሉህ እሺ አትበል። ቢሮው የራሱ ግምት ስላለው የምትጠብቀውን ያህል አይቀንስም። ጠብ ከመጣ ደግሞ የምትጠይቀው የተጻፈውን ብር ነው። ግማሹን ለሻጩ ስጦታ ሰጠኸው ማለት ነው። ግብር ማጭበርበሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ክፍያው በባንክ ይሁን። ሁለታችሁም ቅርንጫፉ ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ ሊብሬው ላይ ስሙ ወዳለው ሰው ሒሳብ። «ለወንድሜ አስገባለት» ከተባልክ ቁም። ኔትወርክ ከጠፋ ነገ ይከፈላል፤ ሰውም መኪናም የትም አይሄዱም። ከቻልክ የተወሰነውን ክፍያ ስሙ እስኪዞር አቆይ፤ ይህንንም ውሉ ላይ አስፍረው። እምቢ የሚል ሻጭ ብዙ ነው፤ ቢሆንም ጠይቅ። ሲጠየቅ ፊቱ የሚለዋወጠውን ሰው ማየት ራሱ መረጃ ነው።

11. ቁልፉን ከተቀበልክ በኋላ

ሁለቱንም ቁልፍ ተቀበል። አንዱ ጠፍቷል ካለህ መቆለፊያውን አስቀይር። ስሙን በዚያው ሳምንት አዙር፤ «ከበዓል በኋላ» አትበል። ኢንሹራንሱን በስምህ አድርግ፣ ድርጅቱም ባለቤቷ መቀየሩን ይወቅ።

ዘይቱን፣ ፊልትሮዎቹን፣ የፍሬን ዘይቱን ቀይር፤ ሻጩ ትናንት ቀየርኩ ቢልህም። የሞተሩ ቺንጋ የተቀየረበት ጊዜ የማይታወቅ ከሆነ አስቀይረው፤ ቢበጠስ አንዳንዱ ሞተር ከነቫልቩ ይሄዳል። ሰንሰለት ያላቸው ሞተሮች ስላሉ መጀመሪያ ሜካኒክህን ጠይቅ።

ያልተነገረህ ከባድ ጉድለት ካገኘህ ዝም ብለህ አትጠግን። ሕጉ ገዢ ቶሎ እንዲመረምርና ቶሎ እንዲያሳውቅ ይጠብቃል። ፎቶ አንሳ፣ የሜካኒኩን አስተያየት በጽሑፍ ያዝ፣ ለሻጩም ማስረጃ ሆኖ በሚቀር መንገድ፣ በጽሑፍ ወይም በቴሌግራም፣ አሳውቀው። የሁሉንም ሰነድ ኮፒ ከመኪናዋ ውጭ፣ ቤትህ አስቀምጥ።